ክብርት እትዬ ምነው እና ግድ የሌለን ጎረቤቶቻቸው

ማንም ሳይመርጣቸው ሥልጣን ይዘው፣ ማንም ሳያወርዳቸው የሚኖሩ ሰዎች ቢኖሩ በየፎቁ ደረጃ ላይ የሚገኙት «ሁሉም ያገባኛል» ባዮች ናቸው። የእኛን ፎቅ የሚያስተዳድሩት ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ናቸው። ንግግራቸው ሁሉ በአንድ ቃል ስለሚጀምር ክብርት እትዬ ምነው ብለን ሾመናቸዋል።

«ምነው፣ ዛሬ አረፈድክ?» «ምነው፣ ሚስትህ ፊቷ ጠቆረ?» ፌስታሌን አጮልቀው አይተው ደግሞ፣ «ምነው፣ ይሄ ሁሉ ሥጋ? እንግዳ አለባችሁ?»

የሚስቴ ታላቅ እህት ልትጠይቀን የመጣች ዕለት ደረጃው ላይ ተቀብለዋት፣ ቤታችን እስክትደርስ የደም ግፊቷን፣ የመድኃኒቷን ስምና ስለ እኔ ያላትን አስተያየት አጣርተው ጨረሱ። አስተያየቷን የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ባልሰማው ይሻል ነበር።

የፎቁ ሰው ታዲያ አንድ ዘዴ ለመደ። እትዬ በር የሚያንኳኩት በቁልፍ ስለሆነ ድምፁን ሁላችንም እናውቀዋለን። ያን ጊዜ ሬዲዮ ይቀነሳል፣ የሕፃን አፍ ይታፈናል፣ ድስት የሚያማስል እጅ ባለበት ይቆማል። ሳንሰበሰብ የተስማማንበት ብቸኛ ጉዳይ ይሄ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት ለዚህ አምድ ስለ ግዴለሽነት ልጽፍ ተቀመጥኩ። ቃሉን ከሥሩ ልመረምር ነበር ሐሳቤ። ግድ ማለት ወደድክም ጠላህም የሚጫንብህ ነገር ነው፤ ግዴለሽ ደግሞ ምንም የማይጫነው ሰው። ቃሉ ክፉ ሆኖ አልተወለደም፣ ሰው ስናጽናና «ግዴለም» እንል የለ? ክፉ የሚሆነው ለራሳችን ስንለው ነው ብዬ ጻፍኩ። አረፍተ ነገሩን ስለወደድኩት ደግሜ አነበብኩት።

ቁልፉ በሬን መታ። የኮምፒውተሬ ድምፅ እንዳይሰማ ጣቶቼን ከፊደሉ ላይ አነሳሁ።

«ምነው፣ ሰው የለም? ኧረ እባካችሁ!»

የያዘኝን ሳል በእጄ አፍኜ ዝም አልኩ። ወደ ጎረቤቴ በር ሄዱ፤ እዚያም ዝም። ወደ ታች ወረዱ፤ ከዚያም ምንም አልሰማሁም። «ዛሬ ደግሞ የማንን ጉዳይ ይዘው ይሆን» ብዬ ለብቻዬ ፈገግ አልኩና ስለ ግዴለሽነት መጻፌን ቀጠልኩ።

ይዘው የዞሩት ከላይ ብቻቸውን የሚኖሩትን ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ጉዳይ ነበር። መጋረጃቸው ሳይገለጥ ማርፈዱ የገደዳቸው እትዬን ብቻ ነው። ወጥተው ቢጣሩ ከውስጥ ማቃሰት ሰሙ፤ በሩን ገፍቶ የሚከፍት ጉልበተኛ ፍለጋ ወደ እኛ መጡ። ጉልበተኛው ሁሉ በየቤቱ ትንፋሹን ውጦ ተቀምጧል። በመጨረሻ ከማዶው መጋዘን ዘበኛ ለምነው አመጡ። ሽማግሌው መታጠቢያ ቤት ወድቀው፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተገኙ። ተርፈዋል፤ እርዳታው የዘገየባቸው ግን በእኛ ነው።

ይህን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። የጻፍኩትንም አጠፋሁት።

በማግስቱ የሽማግሌው ልጅ ልታመሰግን መጣች። ደረጃው ላይ ከእትዬ ጋር ቆመው ደረስኩባቸው።

«ብቻዎን ነው የተንከራተቱት? ሌላ ጎረቤት አልነበረም?» አለቻቸው።

እትዬ አንዴ አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ።

«ማን ይኖራል ልጄ? የሥራ ቀን አይደል እንዴ። ሁሉም ወጥቶ ነበር» አሉ።

የሰው ገመና አደባባይ ያወጣሉ እያልን የምናማቸው ሴት የእኛን ሸሸጉልን። እኚህን ሴት እንደምወዳቸው ያወቅኩት ዓይናቸውን ማየት ባቃተኝ በዚያች ሰዓት ነው።

ልጅቷ ስትሄድ እንደምንም ተናገርኩ።

«እትዬ፣ ትናንት… እኔ ቤት ነበርኩ።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ «ስትስል ሰምቼሃለሁ።»

ከዚያ ጠጋ ብለው ግንባሬን በመዳፋቸው ነኩ።

«ደረቅ ሳል ነው። ተሻለህ?»