የእድሩ ደብዳቤና የእኔ ሊኑክስ

በኮምፒውተሩ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ከሚጠቀም ሰው የባሰ ጉረኛ ፈጣሪ አልፈጠረም። አውቃለሁ... አንዱ እኔ ነኝ! እናንተ ፕሮግራም ለመጫን ማውስ ይዛችሁ «ቀጥል፣ ቀጥል» ስትሉ፣ እኛ ጥቁር መስኮት ከፍተን ትዕዛዝ እንጽፋለን። ጫኙ ራሱ ከኢንተርኔት ፈልጎ፣ ራሱ አውርዶ፣ ራሱ ይጭነዋል። እኛ እጃችንን አጣጥፈን እናንተን በንቀት እናያለን።

ባለፈው ማክሰኞ እኛ ሰፈር፣ ቡራዩ፣ ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። የእድራችን ሰብሳቢ ኦቦ ዳዲ የአቤቱታውን ደብዳቤ ቀደም ብለው አስጽፈውኝ ስለነበር፣ ሊያሳትሙ በጠዋት ቤቴ መጡ። የውሃ ኃላፊው አምስት ሰዓት ላይ ለመስክ ሥራ ይወጣሉ። ከዚያ በፊት ካልደረስንባቸው ጄሪካን ታቅፈን መክረማችን ነው። እኔ ቤት የሚቀመጠው የእድሩ ፕሪንተር ደግሞ ሊኑክሴን አላውቅህም አለው።

«በፍላሽ አድርገውና ሱቅ ወስደን እናሳትመው» አሉ ኦቦ ዳዲ።

«እኔ እያለሁ? በአንድ መስመር ትዕዛዝ ለሚያልቅ ነገር!»

ላፕቶፔን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም ለመጫን ከቴሌግራም ግሩፕ ያገኘሁትን ትዕዛዝ ጻፍኩ። «ፈቃድ የለህም» አለኝ። በገዛ ላፕቶፔ! ለካ ከትዕዛዙ በፊት «ሱዶ» የሚል ቃል ካላስቀደምኩ አለቃው እኔ መሆኔን አያምንም። አስቀደምኩ። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ስጽፍ ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጥብ እንኳ አትታይም፤ የሊኑክስ ደንብ ነው።

«ኪቦርዱ ሞቷል» አሉ ኦቦ ዳዲ።

«አልሞተም ኦቦ፣ ለምስጢር ብሎ ነው።»

«ከማን? ከእኔ?»

ቀጥሎ ዝርዝር መጣ። የሚጫነው አንድ ነው፤ ከላፕቶፑ የሚነሳው ግን... ስሙ ተደርድሮ አያልቅም። ከታች «ልቀጥል?» ይላል። ዝርዝሩን ማንበብ ጀመርኩ። ኦቦ ዳዲ ግን ዕድሜያቸውን በሽምግልና የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ጠያቂን መልስ ማስጠበቅ አይወዱም።

«ምን ይላል?»

«ልቀጥል ወይ እያለኝ ነው።»

«ታዲያ እንዲህ በትሕትና የጠየቀህን ታስቆመዋለህ? ኤዬ ጄዲ! እሺ በለው!»

እስኪ ፍረዱኝ፤ ሽማግሌ «እሺ በለው» ሲሉ «ቆይ፣ መጀመሪያ ላንብብ» ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝና እሺ አልኩት።

መስመሩ መንጎድ ጀመረ። ኦቦ ዳዲ «ታዛዥ ነው!» እያሉ ያደንቃሉ። ታዛዥስ ነው! አንዱን ለማስገባት የነበሩትን በሙሉ አስወጣቸው፤ መስኮቶቹን፣ ምስሎቹን፣ መጻፊያውን ሳይቀር ነቃቅሎ ጣለ። አጥፍቼ ሳበራው ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች። ደብዳቤው ውስጥ አለ፤ መግቢያ የለም። አፈርኩ። የምሬን ነው፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ኦቦ ዳዲ አልተቆጡም። ከልጄ ደብተር መሃል አንድ ሉክ አስገነጠሉ፣ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፣ ደብዳቤውን ከራሳቸው ጻፉት። ከእኔው ያጠረ፣ ከእኔው የተሻለ! የእድሩን ማኅተም መቱበትና በባጃጅ ከነፍን።

ኃላፊው መኪና ሊገቡ ሲሉ ደረስንባቸው። ቆመው አነበቡት፣ «ነገ ባለሙያ ይላክ» ብለው መሩበት። ከዚያ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይሄን የሚያክል እድር ምነው በእጅ ጻፈ? ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው የላችሁም እንዴ?»

ኦቦ ዳዲ በዓይናቸው እኔን ጠቀስ አድርገው ረጋ ብለው መለሱ፤

«ስላለን ነው።»