ጠመንጃው ተፈትሾ አለፈ

በሰው ልጅ የጸጥታ አጠባበቅ ታሪክ ውስጥ የጻካኔና አካባቢው ነጋዴዎች መረዳጃ ዕድር ያበረከተውን ድርሻ የሚያቃልል ሰው ካለ፣ ወይ ቀናተኛ ነው ወይ ስብሰባ የማይመጣ ነው። ይህ ዕድር፣ ዘነበ የተባለ አባሉ ስፓዛ በሚሉት የሰፈር ሱቁ ባንኮኒ ላይ የብረት ፍርግርግ እንዲሠራለት ላቀረበው ተራ ጥያቄ፣ ተራ ያልሆነ መልስ ሰጥቷል። ዘነበ ብረት ጠየቀ። ዕድሩ ጠመንጃ ሰጠው።

የጥያቄው ባለቤት እንኳ ሚስቱ ኤርጎጌ ናት። ከፋሲካ በፊት ሁለት ሰዎች በጠራራ ፀሐይ ገብተው፣ ባንኮኒውን ዘለው፣ ግንባሯ ላይ ሽጉጥ ደግነውባት ነበር። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ጥላ ባለፈ ቁጥር የያዘችው ዳቦ ከእጇ ይወድቃል። "ፍርግርግ ካልተሠራ ደርባን ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ፤ አንተ ከዳቦህ ጋር ኑር" ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ኤርጎጌ ደግሞ እሄዳለሁ ካለች የምትሄድ ሴት ናት፤ ከሆሳዕና እዚህ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የመጣችውም እንዲሁ ብላ ነው።

የዕድሩ ሊቀመንበር አቶ አንዱዓለም ግን አርቀው የሚያስቡ ሰው ናቸው። ጀፕስታውን ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ ያከፋፍላሉ። ቤታቸው የኤሌክትሪክ አጥር፣ ውሾችና ዘበኛ ስላለው ስለ ስጋት በተረጋጋ መንፈስ ለማሰብ ታድለዋል። በስብሰባው ላይ ተነሥተው፣ ፍርግርግ የተከላካይነት አስተሳሰብ ውጤት መሆኑን፣ ዘመኑ የሚጠይቀው ግን ቅድመ መከላከል መሆኑን አብራሩ። ልዩነቱ ለማንም ስላልገባ ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ቅድመ መከላከሉ ኤርሶፍት የሚሉት፣ በአየር ግፊት የፕላስቲክ ፍሬ የሚተፋ የመጫወቻ ጠመንጃ ሆኖ ተገኘ። ሰው አይገድልም፤ ሊቀመንበሩ እንዳሉት እንከኑ ይኸው ብቻ ነው። እሱንም በማሻሻያ ሊያካክሱት ታጥቀው ተነሡ። አፈሙዙን በውሃ ቧንቧ አስረዘሙት፤ ሁለመናውን በገዛ እጃቸው ጥቁር ቀቡት፤ ከላይ አጉሊ መነጽር፣ ከታች የእጅ ባትሪ፣ ከጎን ጫማ ሰፊ የሰፋው የቆዳ ማንገቻ አስገጠሙለት። ሥራው ሲያልቅ ጠመንጃው ከማስፈራቱ የተነሣ የዕድሩ ፀሐፊ አየነው ከሱ ጋር ጋቢና አልቀመጥም ብሎ ባኪ በሚሉት ፒካፕ የጭነት ወገን ተጭኖ መጣ።

የመስክ ፍተሻው በነሐሴ ወር በአንዱ እሑድ፣ ከብራክፓን የማዕድን አፈር ቁልል ጀርባ ባለው ገላጣ ሜዳ ተካሄደ። ነፋሱ ቢጫውን አቧራ እያነሣ ዓይን ያጠፋል። ኦርቶዶክሶቹ አማተቡ፤ ጴንጤዎቹ እጃቸውን ዘርግተው ጸለዩ፤ በጸሎት ርዝመት ጴንጤዎቹ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ዒላማው ባዶ የዘይት ጀሪካን ነበር። ሊቀመንበሩ ስለ ቀጣናው ሰላም ንግግር ካደረጉ በኋላ አነጣጠሩና ቃታውን ሳቡ። ጢቅ አለ። ፍሬዋ የት እንደገባች ያየ የለም።

አየነው ጀሪካኑን ዙሪያውን ዳብሶ ምንም ምልክት እንደሌለበት አስታወቀ።

"በሥነ ልቦና ተመትቷል" አሉ ሊቀመንበሩ። "እንዲያ ብለህ ጻፍ።"

ቀጥሎም ዒላማው ወደ መሣሪያው እንዲቀርብ ተወሰነ። ቀረበ። እንደገና ቀረበ። አፈሙዙ ጀሪካኑን ሊስመው ምንም ያህል ሳይቀረው ነፋስ መጣና ጀሪካኑን አንከባሎ ወሰደው። ጭብጨባው ቀለጠ። አየነውም ይህን ታሪካዊ ቅጽበት በስልኩ ቀርጾ አስቀረ።

አሁን የቀረው በሰው ላይ መሞከር ነው። ሌባ ሆኖ የሚሮጥ በጎ ፈቃደኛ ተፈለገና ዘነበ ሳይጠየቅ ተመረጠ። ዘነበ ግን በልቡ ደስ አለው። እንደማያስፈራ በገዛ ገላዬ አረጋግጬ እመሰክራለሁ፣ ያኔ ፍርግርጌን አገኛለሁ ብሎ ነው። ሮጠ። ፍሬዋ መቀመጫው ላይ አረፈች፤ ቁንጫ እንኳ ከዚያ የተሻለ ትነክሳለች። ሲመለስ ሊቀመንበሩ ቀለሙ ገና ባልለቀቀው እጃቸው ትከሻውን ያዙት። እንቅልፍ አጥተው እንደሠሩት ዓይናቸው ይናገራል። አባላቱ ሁሉ ከበዋቸዋል።

"እስቲ እውነቱን ንገረን ዘነበ። ፈርተሃል?"

ዘነበ አፉን ከፈተ። የሚስቱ ፊት ድቅን አለበት። ግን እኚህን ትልቅ ሰው በሰው ፊት እንዴት ያዋርዳቸው? ይሉኝታ ያዘው።

"እንዴት አልፈራም ጋሼ" አለ። "ጉልበቴ ከዳኝ እኮ።"

ጠመንጃው ተፈትሾ አለፈ። ዘነበም በፍርሃት ረገድ ያካበተው ልምድ ታይቶ መሣሪያው በእሱ ሱቅ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ከዳቦው መደርደሪያ በላይ ሲሰቅለው ኤርጎጌ አየችውና ፍርግርጉ የት እንደደረሰ ጠየቀችው። ቅድመ መከላከል ነው አላት። ቀጥላ የተናገረችው በሀዲይኛ ስለሆነ፣ ደግሞም ለሕዝብ ጆሮ ስለማይሆን እናልፈዋለን። ማታውን ሻንጣዋን ከቁም ሳጥን ላይ አወረደች።

አየነው ደግሞ ቪዲዮውን "ጻካኔ ነቅቷል" ብሎ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ጠዋት ጠዋት ዳቦ የምትገዛው፣ ሰፈሩ ጎጎ (አያቴ) እያለ የሚጠራት ጎረቤታቸው፣ ዕድሜ ያስተማራት አሮጊት ናትና፣ እዚህ አገር ሌባ ከገንዘብም አስበልጦ የሚፈልገው ጠመንጃ መሆኑን ነግራ አስጠነቀቀቻቸው። ዘነበ ለሊቀመንበሩ ቢደውል፣ ይህ የግለሰብ አስተያየት እንጂ የዕድሩ አቋም አለመሆኑን ገለጹለት።

በሳምንቱ፣ ኤርጎጌ ገና ሳትሄድ፣ ሁለት ሰዎች ሽጉጥ ይዘው ገቡ። ብር አልጠየቁም፣ ኤርታይም አልጠየቁም። ጠመንጃውን ከመስቀያው አውርደው፣ እንዳይጋጭ ተጠንቅቀው፣ ይዘውት ወጡ። ዘነበ ሲደርስ ኤርጎጌን ባንኮኒው ሥር ኩርምት ብላ አገኛት። አጠገቧ ቁጭ አለ። ያን ቀን የተናደደው በሌቦቹም በሊቀመንበሩም ሳይሆን በገዛ ምላሱ ነው። በማግስቱ ከሁለቱ አንዱ ተመለሰ። ጠመንጃውን ባንኮኒው ላይ አኖረና ከልቡ እያዘነ፣ "ማይ ፍሬንድ፣ ይኼን የሸጠልህ ሰው ጉድ ሠርቶሃል" ብሎት ሄደ።

ዕድሩ በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ፣ ሌባ ወስዶ በገዛ እጁ የመለሰው መሣሪያ በዓለም ላይ ይኖር እንደሆነ ቤቱን ጠየቁ። የሚያውቅ አልተገኘም። ሆኖም እንዲህ ያለ ብርቅ ንብረት ያለ ጥበቃ መተው ኃላፊነት የጎደለው ተግባር በመሆኑ፣ የብረት ፍርግርግ እንዲሠራ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ለጠመንጃው።

ዘነበ ይህን ለሚስቱ ሲነግራት አለቀልኝ ብሎ ነበር። ኤርጎጌ ግን ሻንጣዋን ትክ ብላ አየች። ፍርግርጉን የሚሠራው በያጅ ሲመጣ ሻይ አፈላችለት፤ ለእንዲህ ያለ ክቡር ጠመንጃ ጠባብ ቤት ነውር እንደሆነም አስረዳችው። ሰው ሳያጎነብስ የሚቆምበት ይሁን፣ ከባንኮኒው ጫፍ እስከ ጫፍ ይድረስ፣ ጠመንጃው አየር እንዲያገኝ ዳቦ የምታሳልፍ መስኮት ቢጤ ትኑረው አለች። በያጁ ደውሎ ሲያማክራቸው ሊቀመንበሩ ግርማ ሞገሱን ወደዱት።

ለምርቃቱ ሲመጡ ኤርጎጌ ፍርግርጉ ውስጥ ወንበሯ ላይ ተደላድላ ዳቦ በመስኮቷ ታሳልፋለች። ዘነበ ከጎኗ ለውዝ በትናንሽ ፌስታል ይቋጥራል። ጠመንጃው ውጭ፣ መግቢያው አጠገብ ተሰቅሎ፣ አፈሙዙ ላይ ሙዝ ተንጠልጥሎበታል።

ሊቀመንበሩ ደማቸው ፈላ። ውስጥ መግባት ያለበት መሣሪያው መሆኑን ገልጸው ማብራሪያ ጠየቁ።

"የሚያስፈራውማ ውጭ ሆኖ ይጠብቅ ጋሼ" አለች ኤርጎጌ። "የምንፈራው ውስጥ እንሁን።"

ዘነበን አፍጥጠው አዩት። ይሉኝታው እንደ ልማዱ ብቅ ሊል ሲል ዘነበ ለውዙን ቋጠረበትና፣ "ልክ ናት" አለ።

በዚህ መሃል ሁለት ጎረምሶች ኮፍያቸውን ግንባራቸው ላይ ደፍተው ገቡ። ሊቀመንበሩ ባንድ ዝላይ የፍርግርጉ በር ላይ ተለጠፉ።

"ክፈቺልኝ እኅቴ" አሉ በሹክሹክታ።

"ጠመንጃው እዚያው አጠገብዎ ነው ጋሼ።"

"ክፈቺ ነው የምልሽ።"

ኤርጎጌ ቁልፉን አነሣች። ከመክፈቷ በፊት ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአክብሮት ጠየቀቻቸው።

"እስቲ እውነቱን ይንገሩን። ፈርተዋል?"

"እንዴት አልፈራም" አሉ ሊቀመንበሩ።

ጎረምሶቹ "ሳዎቦና ማ" ብለው በአገሬው ቋንቋ ሰላምታ ሰጥተው ዳቦና ሙዝ ጠየቁ። ዳቦውን ኤርጎጌ በመስኮቷ ሰጠቻቸው። ለሙዙ እጇ ከውስጥ ስለማይደርስ፣ ከጠመንጃው ላይ ያወረዱላቸው ውጭ የቀሩት ሊቀመንበሩ ናቸው።