የቀጠና ሰባቱ ጄኔራል

ዘርሁን ድልድይ ላይ ብቻውን ተኝቶ አርባ ሰው ጥሏል ይባላል። ሰበታ መናኸሪያ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ረዳቶቹ አርባውን ስድሳ ያደርጉላችኋል፤ ወገቡ ውስጥ እስካሁን ያልወጣ ጥይት አለ ብለውም ይጨምራሉ። ታክሲ ውስጥ ጋቢና የሚለቀቅለት፣ "ኦቦ ጄኔራል፣ ይግቡ" የሚባለውም ለዚሁ ነው።

እርማት ልስጥ። አርባው እውነት ነው፤ ድልድዩም እውነት ነው። ነገሩ የሆነው ግን በ2002 ዓ.ም.፣ በጋሽ ሀሰኖ ጌም ቤት፣ ሃያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥን ውስጥ ነው። ክቡር ጄኔራል በዕድሜያቸው የጨበጡት መሣሪያ ጆይስቲክ ብቻ ነው። ወገባቸውንም ያመማቸው ገላን፣ ካርቶን ፋብሪካ ውስጥ፣ ዕቃ ሲያነሱ ነው።

በየሰፈሩ አንድ የቀድሞ ሻምፒዮን አይጠፋም። አንዱ ለብሔራዊ ቡድን ሊጠራ ሲል ጉልበቱን የተመታ ነው፤ ሌላው ካሴት ሊያወጣ ሲል ጉንፋን የያዘው። የእኛው የሚለየው ስለ ትናንት አለማውራቱ ነው። እሱ የሚያወራው ስለ ነገ ነው፤ "ቀጠና ይመለሳል" እያለ።

"ቀጠና ሰባት" ያደግንበት የተኩስ ጌም ነው። ሦስት ክፍል ወጣ፤ አራተኛው ሲጠበቅ ሠሪዎቹ ተበተኑ። ዘርሁን ግን ተስፋ አልቆረጠም። ሠርግ ላይ "ይመለሳል"፣ ዕድር ላይ "ይመለሳል"። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ጥግ ይዞ ለጎረቤቱ ሲያስረዳ ድምፁ ከፍ አለና "ጊዜውን ጠብቆ ይመለሳል" አለ። የሟች ቤተሰቦች ጴንጤዎች ነበሩና ቤቱ ሙሉ "አሜን" አለ።

ይህን ያህል የሚጠብቅበት ምክንያት ነበረው። በዚያ ዘመን ሁለት ሰው በአንድ ቴሌቪዥን ነበር የሚጫወተው፤ ግራው ግማሽ የአንዱ፣ ቀኙ የሌላው። ሰው የባላጋራውን ወገን ሰርቆ እንዳያይ ጋሽ ሀሰኖ ከስክሪኑ መሃል እስከ አፍንጫችን የሚደርስ የብስኩት ካርቶን በፕላስተር ያቆሙ ነበር። የቤቱ ሕግ ሁለት ነው፤ ካርቶን አይነካም፣ ተሸናፊ ይነሳል። ዘርሁን ተነስቶ አያውቅም። ምሳው እንኳ እዚያው አግዳሚው ላይ ይመጣለት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን እኔ አስነሳሁት። በኋላ ሲታይ ካርቶኑ ላይ ጣት የምታሾልክ ቀዳዳ ተገኘች። "አይጥ ናት" ተባለ። ማን እንዳለው አላስታውስም። መልሱን ሰኞ ልንገጥም ተቀጣጠርን፤ እሑድ መብራት ሄዶ ሲመለስ የጋሽ ሀሰኖ ማጫወቻ ጨሰ። ሌላ ማሽን ሲገዙ ደግሞ ቀጠና ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ዘርሁን እንደተነሳ ቀረ።

ዘንድሮ ቀጠና ተመለሰ። ለዛሬ ልጆች እንዲሆን ታድሶ፣ ተወልውሎ። ዘርሁን በጠዋት ደወለልኝ።

"ፊታቸውን ታጠቡ እንጂ ወታደሮቹ ያው ናቸው" አለኝ።

"ድልድዩስ?"

"አለ። ፈሀድ፣ ቅዳሜ ፉሪ፣ ጣቢታ ቤት።"

የጣቢታ ጌም ቤት የዘመኑ ነው። ልጆቹ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው፣ ለየራሳቸው ስክሪን ይዘው፣ የት አገር እንዳለ ከማያውቁት ሰው ጋር ይታኮሳሉ። ዘርሁን ከፋብሪካው ያመጣውን ድርብ ካርቶን በብብቱ ይዞ ገባ። ጋሽ ሀሰኖንም ከቤታቸው አስነስቶ አምጥቷቸዋል፤ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል።

"ጋሽ ዘርሁን፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች ጣቢታ።

"ዳኛ ነው። በአንድ ስክሪን አድርጊልን።"

"እንደዚያ የሚጫወት ሰው አለ እንዴ አሁን?" ብላ ፈላለገች። አገኘችው፤ ሠሪዎቹ መልሰውታል።

"አየሽ" አለ ዘርሁን፣ "እነሱም አልረሱም።" ካርቶኑንም ከስክሪኑ መሃል በፕላስተር አቆመው።

ቀድሞ አሥር የገደለ ያሸንፋል። ዘርሁን ቢሸነፍ የአሥራ አምስት ዓመት ስብከቱ የሰፈር መሳቂያ እንደሚሆን ሁላችንም ገብቶናል። አዲሱ ቀጠና ውስጥ ደግሞ ወታደሩ ይሮጣል፤ የእሱ ወታደር ሁለት ጊዜ ራሱ ሮጦ ከድልድዩ ወደቀ።

"ፋዘር፣ ዋና ይችላሉ እንዴ?" አለ አንዱ ልጅ። ቤቱ ሳቀ። ሰባት ለሁለት መራሁት።

"ጣቢታ፣ ድምፁን አጥፊልኝ" አለ ያኔ።

ድምፁ ጠፋ። ብቅ አልኩ፤ ሞትኩ። ተደበቅሁ፤ ሞትኩ። ሰባት ለአምስት ስንሆን ነው የገባኝ። እኔ ጥይት ስሞላ ምላሴን ጧ አደርጋለሁ፤ ከድሮም፣ ሳላውቀው። እሱ ያንን ከካርቶኑ ማዶ ሆኖ ይሰማል። ምላሴን ነከስኩ። እሺ፤ ወደ ግራ ስዞር ግን የተቀመጥንበት አግዳሚ ይንቋቋል። ልጆቹ አንድ በአንድ ጆሯቸው ላይ የደፈኑትን እያወለቁ ከኋላችን ቆሙ። የእኔን ወገን አንዴም ሳያይ፣ በጆሮው ብቻ፣ ድልድዩ ላይ ተኝቶ ለቀመኝ። አሥር ለሰባት።

"ተነስ" አለኝ፣ ረጋ ብሎ።

ተነሳሁ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፤ "ዋና ይችላሉ እንዴ" ያለው ልጅ ቀጣይ ተረኛ ለመሆን ይጋፋል። ጋሽ ሀሰኖ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ እየመቱ "እኔ ቤት እኮ ነው ያደገው፣ እኔ ቤት" ይላሉ። መሸነፍ ይህን ያህል ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

የአርባውን ሰው ወሬ መናኸሪያ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ለዚያች ቅዳሜ ካሣ ትሁን ብዬ ነው። ስድሳውን እነሱ ናቸው የጨመሩት።

ዘርሁን ፕላስተሩን ቀስ ብሎ ላጠ። ካርቶኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ በመዳፉ ዳበሰው፤ አንድም ቀዳዳ የለውም። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር፣ ለካርቶኑ የሚነግረው ይመስል፣

"ጋሽ ሀሰኖ ቤት እኮ አይጥ ኖሮ አያውቅም" አለ።