የምግብ ጠረጴዛው ደን

ባል ጡረታ የወጣበት ቤት ሁሉ አንድ ነገር ይጠፋበታል። ከአንዱ ቤት ሰላም ይጠፋል፣ ከሌላው መዶሻ። ከእነዚህ ባልና ሚስት ቤት የሚጠፋው የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነው።

ሚስትየው ሌባውን ፍለጋ ሩቅ አትሄድም። ክቡርነታቸው ባሏ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰክተው ከምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጠዋል። ድሮ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አሁን ጠረጴዛውን ሞልቶ ለሚዞር የአሻንጉሊት ባቡር ደን ያለማሉ። እሷ «የደን ሚኒስትሩ» ትላቸዋለች፤ ሹመቱን በደስታ ተቀብለዋል።

አሠራሩን ለጠየቀም ላልጠየቀም ያስረዳሉ። ቀጭን ሽቦ ይገመዳል፣ ጫፉ ተበትኖ ቅርንጫፍ ይሆናል፣ ሙጫ ይቀባል፣ ከዚያ ተከትፎ አረንጓዴ የተነከረ ስፖንጅ ይነሰነስበታል። አለቀ ሲባል ሚኒስትሩ ግንዱን በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው ያጣምሙታል።

«ቀጥ ካለማ ምሰሶ ነው» ይላሉ።

አንዴ ሚስትየው አቧራ መስሏት ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችው። ለካ ሳምንቱን ሙሉ የዘሩት ሣር ኖሯል። ሚኒስትሩ አልተቆጡም። «ድርቅ ነው፣ ያጋጥማል» ብለው እንደገና ዘሩ።

አንድ ቀን ግን ሳህን ጭን ላይ አስቀምጦ መብላት አንገሸገሻትና ጠረጴዛውን ለታላቅ ወንድሟ ሰጠችው። ክቡርነታቸው ይህን ሲሰሙ «እሺ» ብቻ አሉ። ዛፎቻቸውን አንድ በአንድ እየነቀሉ በጫማ ካርቶን ይደረድሩ ጀመር።

ወንድምዬው ሊወስድ ሲመጣ የቀረችው አንዲት ዛፍ ነበረች።

«ይቺ ደግሞ ጠማማ ናት፤ አንድ ወገኗም ተመልጧል። ልጣላት?» አለ ወንድምዬው።

ሚስትየው ጎንበስ ብላ አየች። ድሮ በራቸው ላይ የነበረችው፣ መንገድ ሲሰፋ የተቆረጠችው ዛፍ ናት፤ እሷው ራሷ ልብስ እያሰጣች አንድ ወገኗን ያራቆተቻት። በተመለጠው ቅርንጫፍ ላይ ክር ተወጥሯል፤ ክሩ ላይ ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ቀሚስ ተንጠልጥላለች። ጨርቁን አወቀችው። ልብስ ሰፊው ባሏ ገና ሳያገባት የሰፋላት ቀሚስ ቁራጭ ነው።

«ተዋት» አለችው። «ቀጥ ካለችማ ምሰሶ ናት።»

«ጠረጴዛውስ?»

«የቱ ጠረጴዛ?»

በማግስቱ ከሱቅ ሁለት ስፖንጅ ይዛ ገባች። አንዱን ለዕቃ ማጠቢያው ወሰደችና ሌላውን ከካርቶኑ አጠገብ አኖረችው።

«አረንጓዴውን ነው ያመጣሁልህ፤ ቀለም እንዳታባክን» አለች። ከዚያም ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ምሳዋን መብላት ጀመረች።