ሊቁ አሰልጣኝና ታላቁ ማጎንበስ

የእግር ኳስ ታሪክ በሁለት ይከፈላል፦ ሊቁ ከማጎንበሳቸው በፊትና ካጎነበሱ በኋላ። እንዴት እንዳጎነበሱ ያልሰማ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው፤ ሊቁ ለመናገር ሰንፈው አያውቁም።

ሊቅ ከመባላቸው በፊት ደጋፊው "ሰማዩ" ነበር የሚላቸው፤ የመቷት ኳስ ሁሉ ወደ ላይ ስለምትሄድ። አጥቂ ሆነው ሲሰለፉ የተጋጣሚ በረኛ እፎይ ይላል። ከጎሉ ጀርባ የሚኖሩ ሰዎች ግን "ዛሬም ይሰለፋል?" እያሉ ልብሳቸውን ከገመድ ያወርዱ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን፣ በዋንጫ ጨዋታ ላይ፣ ክለባቸው የማዕዘን ምት አገኘ። ሊቁ በዚያች ሰዓት የግራ ጫማቸው ማሰሪያ ተፈቶባቸው፣ ጀርባቸውን ለጎሉ ሰጥተው፣ ጎንበስ ብለው ያስራሉ። ኳሷ ተሻማች። አንዱ ተከላካይ ላውጣ ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲለጋት የሊቁን መቀመጫ አገኘች፤ ከዚያም ተመልሳ መረቡን። ሊቁ ቀና ብለው "ማነው የመታኝ?" እያሉ ለጠብ ሲጋበዙ ጓደኞቻቸው ተከመሩባቸው።

ጨዋታው እንዳለቀ የሬዲዮው ጋዜጠኛ እየሮጠ መጣ።

"እንዲህ ያለ ጎል አይተን አናውቅም! አስበውበት ነው አይደል?"

ሊቁ ለአፍታ ወደ ጫማቸው አዩ። ከዚያ ወደ ማይክራፎኑ።

"እንዴታ!" አሉ።

በዚህች አንዲት ቃል ሰማዩ ቀሩና ሊቁ ተወለዱ። ቃሏን ደጋግመው ሲናገሯት ከርመው፣ በመጨረሻ ራሳቸውም አመኗት። መጫወት ሲያቆሙም ክለቡ ዋና አሰልጣኝ አድርጎ ሾማቸው። በዕለቱ የወጣው መግለጫ እንደሚለው ክለቡ "ኋላን መሠረት ያደረገ፣ ሁለንተናዊ የአጨዋወት ፍልስፍና ለመተግበር የሚያስችል ቁመና ላይ ደርሷል"። ቁመና የተባለው ማጎንበስ ነው።

ልምምዱ ቀላል ነበር። ተጫዋቾቹ ተደርድረው፣ ጎንበስ ብለው፣ ማሰሪያቸውን ሲፈቱና ሲያስሩ ይውላሉ፤ ምክትል አሰልጣኙ ከኋላ ኳስ ይለጋባቸዋል። የቡድኑ አምበል አንድ ቀን ጠየቀ።

"ኮች፣ ጎሉን በምን እናየዋለን?"

"ጎል አይታይም ልጄ። ይሰማል።"

"የት ጋ?"

"ስትመታ ታውቀዋለህ።"

ብዙም ሳይቆይ ቡድኑ ቆሞ የሚበላ ሆነ። የክለቡ ሐኪም ቅባት ይገዛላቸው ብሎ ቢጠይቅ ሊቁ "ቆዳው ስሜት ያጣብኛል" ብለው ከለከሉ። እውነቱን ለመናገር በሊጉ ውስጥ እንደ እነሱ ማሰሪያ ቶሎ የሚያስር ቡድን አልነበረም፤ ጠላትም ይመሰክራል። ጎል ብቻ ነው ያላገባው።

ቤት ውስጥ ግን ሊቅነት አይሠራም። ባለቤታቸው ራት እያቀረበች ጀመረቻቸው።

"ምነው የሰው ልጆች ታስደበድባለህ? ያን ቀን ማሰሪያህ ተፈቶብህ ነው እኮ!"

"አንቺ ታክቲክ አታውቂም።"

"ታክቲኩንስ አላውቅም። ማሰሪያውን ግን የገዛሁት እኔ ነኝ። አጭር ነው፣ አልቋጠር አለኝ እያልክ ስትነጫነጭብኝ አልነበር እንዴ?"

ሊቁ ቴሌቪዥኑን ከፈቱ፤ ድምፁንም ጨመሩ።

የውድድሩ ማብቂያ ሲደርስ ክለቡ ከሊጉ ሊወርድ አፋፍ ላይ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ግን ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም፤ ሊቁን ጎንበስ እንዳሉ የሚያሳይ የነሐስ ሐውልት አሠርተዋል። ሐውልቱ በክለቡ በር ላይ በየት በኩል ዞሮ ይቁም የሚለውን የሚያጠና ኮሚቴም ተቋቁሞ ነበር። ፊቱ ወደ በሩ ከሆነ ጎሉን ያገባው አካል አይታይም፤ ጀርባው ከሆነ ደግሞ እንግዳ የሚቀበለው እሱ ነው። ኮሚቴው ለተጨማሪ ጥናት ጊዜ ጠየቀ።

ፕሬዚዳንቱ ሊቁን ቢሯቸው አስጠሩ።

"ስማ፣ የመጨረሻው ጨዋታ ከማዶዎቹ ጋር ነው። እነሱ ካሸነፉን ዋንጫ ያነሳሉ። እኛ አቻ ከወጣን አንወርድም፣ ሐውልትህም ይቆማል። ከተሸነፍን ግን ክለቡ ከሊጉ፣ አንተ ከክለቡ። ገባህ?"

"አይዞዎት ክቡር ፕሬዚዳንት። ጀርባችን ዝግጁ ነው።"

ማዶዎቹ የሚባሉት ከአስፋልቱ ባሻገር ያሉት ጎረቤቶች ናቸው። የሊቁ ተጫዋቾች በዚያ ቀን ወገባቸው ስለተያዘ ማጎንበሱን ትተው እንደ ማንኛውም ተራ ቡድን ቆመው ተከላከሉ፤ ጨዋታው ያለ ጎል መገባደጃው ላይ የደረሰው በዚህ ጉድለት ምክንያት ነው። በመጨረሻም ማዶዎቹ የማዕዘን ምት አገኙ።

ሊቁ ከመስመሩ ዳር ቆመው አዩ። ያው ማዕዘን ነው፤ ያው ጎል። ያቺ የጥንቷ ቀን ፊታቸው ድቅን አለች፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ምቱ የማን እንደሆነ እርግፍ አድርገው ረሱት።

"አጎንብሱ!" ብለው ጮኹ።

አሥራ አንዱም አጎነበሱ። በረኛው ሳይቀር። የማዶዎቹ አጥቂ በግንባሩ የገጫት ኳስ ወደ ውጭ ልትወጣ ስትል፣ ታዛዡ የሚባለውን የግራ ተከላካይ መቀመጫ ነክታ መረብ ውስጥ ገባች። ሊቁ "ጎል!" ብለው እጃቸውን ዘርግተው በመስመሩ ዳር በረሩ፤ ከፊታቸው ያገኙትንም ሰው አቅፈው ሳሙ። የሳሙት የማዶዎቹን አሰልጣኝ ነው።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ቆመው ጠበቋቸው።

"ምን አደረግከን አንተ ሰው?"

"ዘዴው ሠርቷል ክቡር ፕሬዚዳንት።"

"በራሳችን ጎል?!"

"እሱ የአቅጣጫ ጉዳይ ነው። በሂደት ይስተካከላል።"

ሊቁ በዚያው ቀን ተባረሩ። ሐውልቱን ማዶዎቹ በርካሽ ገዝተው በራቸው ላይ አቆሙት፤ ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ጀርባውን ከመንገዱ ባሻገር ወዳለው የድሮ ክለቡ አዞሩት። ኮሚቴውን ያን ያህል ያስጨነቀው ጥያቄ ያለ ምንም ጥናት ተፈታ። በምረቃው ላይ የክብር እንግዳው ሊቁ ነበሩ፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው ሄዱ። ያው የሬዲዮ ጋዜጠኛ፣ አሁን ፀጉሩ ሸብቶ፣ ማይክራፎኑን ደቀነባቸው።

"ለማዶዎቹ ዋንጫ ያስገኘችው ጎል በድንገት የገባች ናት የሚሉ አሉ። አስበውበት ነው አይደል?"

ሊቁ ሐውልቱን አዩ። ሐውልቱ አላያቸውም፤ አጎንብሷል።

"እንዴታ!"

በማግስቱ የፌዴሬሽኑ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጠራቸው። ክሱ ጨዋታውን ሆነ ብለው ለተጋጣሚ አሳልፈው ሰጥተዋል የሚል ነው፤ መተቃቀፉም በማስረጃነት ቀርቧል። ሰብሳቢው በትዕግሥት አስረዷቸው።

"ይስሙ፤ በድንገት የሆነ ነው ካሉ አሁኑኑ ቤትዎ ይገባሉ። አስቤበት ነው ካሉ ግን ዕድሜ ልክዎን ሜዳ አይረግጡም። የትኛው ነው?"

ሊቁ ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

"አስቤበት ነው።"

"ኧረ በፈጠራችሁ!" አለች ባለቤታቸው ከኋላ ብድግ ብላ። "ክቡራን፣ ይሄ ሰው ከትዳራችን በቀር በሕይወቱ አስቦ ያደረገው ነገር የለም። እሱንም ያሰበለት አባቴ ነው።" ከቦርሳዋ አንዲት አጭር፣ ጫፏ የተበላ የጫማ ማሰሪያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ሊቅነቱ ይቺ ናት። አስሩና እዩአት፤ አትቋጠርም።"

ሰብሳቢው ሞከሩ። አልተቋጠረችም። ኮሚቴው ጥቂት ተንሾካሽኮ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ውሳኔውን በንባብ አሰማ፦ አንድም ጎል አስቦ አግብቶ የማያውቅ ሰው፣ አስቦ ጨዋታ ሊሸጥ ስለማይችል፣ ተከሳሹ በነጻ ተሰናብተዋል።

"ተመስገን!" አለች ባለቤታቸው እንባዋን እየጠረገች። "ተነስ፣ ቤታችን እንሂድ።"

ሊቁ ግን አልተነሱም። ፊታቸው ቀልቷል። እንዲህ ያለ ውርደት በዘመናቸው ደርሶባቸው አያውቅም።

በማግስቱ ይግባኝ አሉ። ጥፋተኛ ነኝ ብለው።