ዳገት የጠላው ሞተሬ

ተራ ሰው እንደ መኳንንት የሚከበርበት ቦታ ቢኖር የዕቃ መሸጫ ቤት ነው። የሚከበርበትም ጊዜ አጭር ነው፤ ገንዘቡ ከኪሱ እስኪወጣ ድረስ ብቻ። እኔ በጥቅምት ወር ሞተር ብስክሌት ልገዛ አዲስ አበባ የፋብሪካው ወኪል ሱቅ ስገባ፣ ከረባት ያሰረው ሻጭ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎን የመሰለ ሰው እስከ ዛሬ በበቅሎ ሲሄድ አገር ምን ይል ነበር?» አለኝ። አገር ምንም ብሎ አያውቅም። ቢሆንም ነገሩ ልቤ ገባ። ሲያከብሩት የማይሞኝ ማን አለ?

በቅሎዬንማ አስቀድሜ ሸጫታለሁ። የአባቴ ነበረች። የገዛት የሞላሌ ነጋዴ ሲወስዳት ሁለት ጊዜ ዞራ አየችኝ። ግን ምን ላድርግ? መንዝ፣ መሐል ሜዳ ጤና ጣቢያ የፈንጣጣ ክትባት ሠራተኛ ነኝ፤ ራቤል ድረስ ያለው ሕፃን ሁሉ የእኔን መርፌ ይጠብቃል፤ በበቅሎ ደርሼ እስክመለስ ደግሞ ሳምንቱ ያልቃል። ሥልጣኔ ይሻለኛል አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው።

ሞተሩ በመጣበት ቀን ጉድ አሳየ። የጣርማ በርን ዳገት እንደ ዘበት ወጣው፤ ሞላሌ ላይ ውሾች እንኳ ሊያባርሩት ጀምረው ተስፋ ቆረጡ። መሐል ሜዳ የተከራየሁበት ግቢ ስገባ ባለቤቱ አለቃ ድንበሩ ወጥተው ሦስት ጊዜ ዞሩት። አለቃ የቅኔ ሰው ናቸው፣ በጎችም ያረባሉ፣ ለሁለቱም ቸልተኛ አይደሉም። ምን ይበላል አሉኝ፤ ቤንዚን አልኳቸው። በየት ይተነፍሳል አሉኝ፤ ከጎኑ ያለችውን ክብ አፍ አሳይቼ፣ በዚህ አየር ይስባል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «የእኛ ብርድ ለእንግዳ ክፉ ነው» ብለው የራሳቸውን ባና አምጥተው አለበሱት። እኔ የለበስኩት ጋቢ ከዚያ ባና ይሳሳ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ራቤል ተነሣሁ። ሜዳው ላይ ይንፏቀቃል። ከዳገቱ እግር ሲደርስ ያቃስታል፣ ጥቁር ጢስ ይተፋል፣ ከዚያ ዝም። ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። እየገፋሁ ሳለ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ፤ የሞላሌው ነጋዴ በእኔ በቅሎ ላይ ተቀምጦ መጣና፣ «እንደምን ዋልክ፣ ጉልበት ይስጥህ» ብሎ አለፈኝ። በቅሎዋ ግን ዘወር ብላም አላየችኝ። እንዲያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ወዲያ ከተማው በሙሉ ሐኪም ሆነ። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል አለ፤ በነጠላ አጠለልኩት። የሎንቺናው አውቶቡስ ሾፌር እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ነው አለ፤ አውጥቼ እስኪያበራ ወለወልኩት። ጎረቤታችን እማሆይ ደግሞ ዓይን በልቶታል አሉ፤ ጸበል አስረጨሁት። ሞተሩ ሁሉንም በትዕግሥት ተቀበለና እንደገና ዳገቱ ሥር ዝም አለ። በዚህ መካከል ራቤል አካባቢ፣ ጊሼ ውስጥ፣ ፈንጣጣ ታየ የሚል ወሬ መጣ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ጠርቶ፣ እስከ ገና ድረስ የራቤል ልጆች ካልተከተቡ ቦታዬን ለሌላ ሰጥቶ እኔን ቆላ እንደሚልከኝ ነገረኝ። ቆላው አላስፈራኝም ብል ውሸት ነው። ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ያልደረስኩላቸው ልጆች ነበሩ።

ሞተሩን የገብስ ጆንያ በጫነ መኪና ላይ አስጭኜ ወኪሉ ዘንድ ወረድኩ። ባለ ከረባቱ ከወንበሩ አልተነሣም። «እርስዎ» የነበርኩት ሰውዬ በሦስት ሳምንት «አንተ» ሆኛለሁ። ሞተሩ ምንም የለበትም፣ ከፍ ያለው አገርህ ነው አለኝ። ታዲያ ጣርማ በር ምን ቆላ ነው? የመጣ ዕለት ዘሎት የለም ወይ? ብዬ ብጠይቀው፣ ያን ጊዜ አዲስ ነበር አለኝ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። የሸጥኳት በቅሎ እዚህም ተከትላኝ መጣች።

ብጨቃጨቅ ጊዜ ካፖ የሚሉትን የመካኒኮቹን ሹም ጠራልኝ። ካፖ ጎንበስ ብሎ ከሞተሩ መተንፈሻ አፍ ውስጥ አንድ ጥቁር ድብልብል ነገር በሁለት ጣቱ ሳበና እንደ ታቦት ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «ፊልትሮ ነው፣ አየር ማጣሪያ። እንዲህ ያለውን ሌላ ፋብሪካ አይሠራም» አለ። በቤንዚን አጠበው፣ ፀሐይ ላይ አደረቀው፣ መልሶ ጠቅጥቆ ከተተው። ትንሽ በግ በግ ሸተተኝ፤ ግን መንዜ ነኝና ምን በግ በግ የማይሸተኝ ነገር አለ ብዬ ተውኩት። ካፖ በደልዳላው አስፋልት ዞር ዞር አደረገውና፣ ደህና ነው፣ ይህን ማጣሪያ ንጹሕ አድርገህ ያዝ፣ የጠፋ ቀን ዋስትናህ ይፈርሳል፣ በስድስተኛው ወር አምጥተህ አሳይ ብሎ አሰናበተኝ።

ጣርማ በር ሥር ያው ቆመብኝ፤ እንደገና በመኪና አስጭኜ፣ ተስፋ ቆርጬ ተመለስኩ። ለአለቃ ድንበሩ ሁሉንም ስነግራቸው ማጣሪያ የሚለው ነገር ገረማቸውና አውጥተህ አሳየኝ አሉ። ዋስትናዬን እየፈራሁ አወጣሁት። አለቃ አሸት አሸት አደረጉትና፣ «ይህማ የጥቁሩ ሙክቴ ጠጉር ነው» አሉ፣ ረጋ ብለው። «የመጣ ዕለት የወተፍኩለት ነው። ብርድ ሳንባውን እንዳይመታው ብዬ። የእንግዳ ከብት በደጄ ታምሞ ምን ልባል?»

ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ ብላቸው፣ ውለታ ሠርቶ ማውራት ነውር አይደለም ወይ ብለው ተቆጡ። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ፤ አንዱንም አላደረግኩ። እሳቸው በምን ያውቃሉ? እኔን የገረመኝ ካፖ ነው። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ።

ሞተሩን ባዶ አፉን አስነሣሁት፤ ጩኸቱ የግቢውን በግ ሁሉ በተነ። በዚያው ሳምንት ራቤል ገባሁ። ሕፃናቱ እኔን ሲያዩ አለቀሱ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ለቅሶ የለም። ቆላ መውረዱ ቀርቶልኝ ገናን እዚያው መንዝ ዋልኩ።

ስድስተኛው ወር ሲደርስ የካፖ ማስጠንቀቂያ ትዝ አለኝ። ያለ ማጣሪያ ብቀርብ ዋስትናዬ ላም አለኝ በሰማይ ሊሆን ነው። እውነቱን ልንገረው ብዬ አሰብኩ፤ ግን ለካፖ የበግ ጠጉር አጥበሃል ብሎ የሚነግረው ማነው? አለቃ ዘንድ ሄጄ ጠጉር ለመንኩ። ጥቁሩ ሙክት ለፋሲካ ታርዶ ነበርና ከነጩ ሸልተው ሰጡኝ። አዲስ አበባ መግቢያ ላይ ቆሜ ወተፍኩት። የቀረውን መንገድ ሞተሩ እያቃሰተ አደረሰኝ።

ካፖ ማጣሪያውን አወጣ። ነጭ ነው። አገላብጦ አገላብጦ አየው፤ እኔም በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ወዲያው ባለ ከረባቱን፣ ሠራተኞቹንና ሊገዙ የመጡትን ሰዎች ሁሉ ጠራቸው። «ኑ እዩ!» አለ፤ «ጥቁር ሆኖ የሰጠኋቸውን አጥበው አጥበው እንዲህ ነጭ አድርገው አመጡልኝ! ዕቃ መያዝ ከእሳቸው ተማሩ!» ባለ ከረባቱ ይህን ሰምቶ ወንበር አቀረበልኝና፣ «ይቀመጡ እንጂ፣ ጌታዬ» አለኝ።