የሚያሳክከው ቄጠማ

[የሳሚዎች አገር፣ የዓለም ሰሜን ጫፍ፣ ሰኔ። እዚህ ሰው በካልሲ ፈንታ ጫማው ውስጥ ደረቅ ቄጠማ ይጎዘጉዛል። ዮቭና ረግረጉ ዳር ተንበርክኮ በአጉሊ መነጽር ሣር ይመረምራል። የወንድሙ ልጅ ቢየራ የገዛ ጫማውን ቄጠማ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣል።]

ዮቭና፦ እንዲህ የሚያሳክክ ነገር ጫማዬ ውስጥ ጎዝጉዘህ፣ ደግሞ ሣር አውቃለሁ ትላለህ?

ቢየራ፦ ትንሽ ይታገሡ አጎቴ፣ ይለዝባል።

ዮቭና፦ ከመስከረም ጀምሮ ታገሥኩ። እግሬ አልቆ ነው የሚለዝበው?

ቢየራ፦ ይልቅ ያቺን ቄጠማ አገኟት? የመንገድ ቀያሾቹ ሊመጡ ነው።

ዮቭና፦ አታጣድፈኝ። ብርቅዬዋ ቄጠማ እዚህ እንደምትበቅል ካላሳየን መንገዱ በረግረጉ ላይ ያልፋል። አጋዘኖችህም አስፋልት ላይ ይወልዳሉ።

ቢየራ፦ አስፋልት ይሞቃል ይባላል።

ዮቭና፦ ይህን ለቀያሾቹ እንዳትነግራቸው።

ቢየራ፦ [አንዷን ነቅሎ በጣቱ እያሽከረከረ] ይቺስ? ግንዷ ሦስት ጠርዝ አለው።

ዮቭና፦ የዚህ ረግረግ ቄጠማ ሁሉ ሦስት ጠርዝ አለው፣ አንተ ጅል። የሚለያት ፍሬዋ ነው። የፍሬዋ ምንቃር፣ ሹል ጫፏ፣ ከተቆለመመ እሷ ናት፤ ቀጥ ካለ ተራ ናት።

ቢየራ፦ ፍሬዋ የታለ?

ዮቭና፦ በሰኔ? የምታፈራው በነሐሴ ነው።

ቢየራ፦ ታዲያ ከጧት ጀምሮ ተንበርክከው ምን እየፈለጉ ነው?

ዮቭና፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ሳይንስ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ቢየራ፦ አምና በነሐሴ ቢመጡ ፍሬ በፍሬ ነበረች። የጫማ ሣር ሳጭድ ይቺ ድንክ ከረዥሙ ጋር እየገባች አስቸገረችኝ።

ዮቭና፦ ጣልካት?

ቢየራ፦ ሣር ይጣላል እንዴ? ለየኋት። እንድትለዝብ ስትወቀጥ ትበጣጠሳለች፤ ስለዚህ ከነፍሬዋ ሳልወቅጣት ጎነጎንኳት። መንጋ ለሚከተል እግር አትሆንም።

ዮቭና፦ ለማን ሰጠሃት?

ቢየራ፦ ብዙ ለማይራመድ ሰው።

[ዮቭና ቁርጭምጭሚቱን እያከከ ቆየ። ድንገት እጁ ቆመ። ከማዶ ቀያሾቹ ችካል ተሸክመው ብቅ አሉ። ዮቭና ቁጭ ብሎ ጫማውን አወለቀ፤ ከጉንጉኑ ውስጥ አንዲት ፍሬ ለቅሞ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። መነጽሩን ለቢየራ ዘረጋለት።]

ዮቭና፦ እስቲ አንተ እይልኝ። ምንቃሯ እንዴት ነው?

ቢየራ፦ ቆልማማ።

ዮቭና፦ ዘጠኝ ወር ሙሉ...

ቢየራ፦ እግርዎ ሲነግርዎት ነበር፣ አልሰሙትም እንጂ። በሉ ጉንጉኑን ይዘው ይሂዱ፣ ቀያሾቹ ደረሱ እኮ።

ዮቭና፦ በባዶ እግሬ?

ቢየራ፦ [ያሰጣውን እያቀበለው] ይኸው፣ የኔን ያድርጉ። ይሄ አያሳክክም፤ ተራ ቄጠማ ነው።